በሩ ራሱ ይዘጋ

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ፣ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ስጡኝ። ግቢያችሁ ውስጥ ወዳለው የመዋኛ ገንዳ ሂዱ። የአጥሩን በር አንድ ክንድ ያህል ክፈቱትና ልቀቁት። አትግፉት፣ አታግዙት፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ራሱ ተመልሶ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ከገባ እሰየው። መንገድ ላይ ከቆመ፣ ወይም መቃኑን ነክቶ ሳይቀረቀር ከቀረ ግን በዚያ ግቢ የሚኖሩትን ሕፃናት ከውሃው የሚለያቸው ነገር የለም። እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ቅረጹት። የቀረውን አብረን እናደርገዋለን።

ይህን የምጽፈው በዳላስ፣ በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። ሂዩስተንና ኦስቲን ያላችሁም ሕጋችን አንድ ነውና ስሙኝ። ላስ ቬጋስ፣ ፊኒክስና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ የሕጉ ቁጥር ይለያይ እንጂ ውሃው ያው ውሃ ነው።

በር በር የምልበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ የምንኖረው አንድ አፓርታማ ውስጥ፣ መሬት ላይ ባለው ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ቡና አፍልታለች፤ ጎረቤት ተጠርቷል፤ ፈንድሻው ቀርቧል። ሰባት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ሳሎን ውስጥ ነበርን። ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ፣ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው የነበረው የባለቤቴ እናት ቀና ብለው፦ «ልጁስ?» አሉ።

መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። እያንዳንዳችን ልጁ ሌላው ዘንድ ያለ መስሎን ነበር። መኝታ ቤት የለም። መታጠቢያ ቤት የለም። ወደ ውጪ የሚያወጣው ተንሸራታች መስታወት አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ልጄን ያገኘሁት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቢጫ ኳስ ለመያዝ ሲንጠራራ ነው። ስሙን አልጠራሁም፤ ደንግጦ ይወድቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ከኋላው በቀስታ ሄጄ የሸሚዙን ኮሌታ ጨበጥኩ።

የገንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የሰበረው የለም። ማጠፊያው ላይ ያለው ሞላ ከላላ ሳምንታት አልፈውት ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማታ ስመለስ በአጠገቡ አልፋለሁ። አይቼውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ1980ዎቹ በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የደረሱ የገንዳ አደጋዎችን አስጠንቶ ነበር። ከልጆቹ 69 በመቶ የሚሆኑት በዚያ ሰዓት ገንዳው ዘንድ ይሆናሉ ተብለው ጨርሶ ያልተጠበቁ ነበሩ። ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ቤት ውስጥ ነው። 77 በመቶዎቹ ከዓይን ከጠፉ አምስት ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነበር። ይህን ሳነብ ያቺ እሑድ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ ቤት ውስጥ ነበረ፣ አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ማንም ገንዳ ይሄዳል ብሎ አላሰበም። የእኔን ቤት ታሪክ ሌላ ሰው ቀድሞ የጻፈው መሰለኝ።

ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል። 65 በመቶው አደጋ የደረሰው በራሱ በልጁ ቤተሰብ ገንዳ ነው፤ 33 በመቶው በዘመድ ወይም በወዳጅ ገንዳ። የሰው አጥር ዘሎ የገባ ልጅ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ አጥሩን የምንሠራው ከመንገድ ለሚመጣ ባዕድ አይደለም። ለራሳችን ልጅ፣ ለእህታችን ልጅ፣ ፋሲካን አብሮን ሊውል ለመጣው እንግዳ ልጅ ነው።

ልጅ ሲሰምጥ ደግሞ አይጮህም። በፊልም እንደምናየው እጁን አያወናጭፍም፣ ውሃውን አይደበድብም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፤ ለመጮህ አየር ያስፈልጋል፤ አየር የለውም። ድምፅ ሰምቼ እደርሳለሁ የሚል ወላጅ የሚጠብቀው የማይመጣ ድምፅ ነው። በዚህ አገር ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ መኪናም አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ በአማካይ 358 ልጆች በየዓመቱ በገንዳና በስፓ ውስጥ መሞታቸውን ያው ኮሚሽን መዝግቧል። ቦታው ከታወቀው ውስጥ አብዛኛው መኖሪያ ግቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ የእኛ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «እናትየው የት ነበረች?» ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ከቡናው እሑድ በኋላ ግን ይህ ጥያቄ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናትየው የሌሊት ሽፍት ሠርታ ጠዋት ገብታ፣ ለልጆቹ ቁርስ አብልታ ዓይኗን ከድና ይሆናል። ሽንት ቤት ገብታ ይሆናል። የሁለተኛውን ልጅ ዳይፐር እየለወጠች ይሆናል። ከስልክ ማዶ የእናቷን መርዶ እየሰማች ይሆናል። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ያልጨፈነ ዓይን ያላት እናት እስካሁን አልተፈጠረችም። አጥሩና ራሱ የሚዘጋው በር የተፈለሰፉት ለዚያች እናት ነው፤ ዓይኗ ለተከደነበት ለዚያች ደቂቃ። ሐዘንተኛዋን እናት በጥያቄ የምንወጋ ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄያችንን ወደ በሩ እናዙር። በሩ ለምን ክፍት ሆነ? የማን ኃላፊነት ነበር? ለስንት ቀን እንደተበላሸ ቆየ?

የማን ኃላፊነት እንደሆነማ ሕጉ ይናገራል። የቴክሳስ የጤናና ደህንነት ሕግ ምዕራፍ 757 አፓርታማዎችንና የቤት ባለቤቶች ማኅበራትን ገንዳ የሚመለከት ነው። የገንዳው አጥር ከመሬት ቢያንስ 48 ኢንች መሆን አለበት፤ ይህ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአጥሩ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም፤ ይህም አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንድ ትልቅ ብርቱካን ማለት ነው። በሩ የሚከፈተው ከገንዳው ወደ ውጪ ነው፤ ትንሽ ልጅ በክብደቱ ቢደገፈው እንዲዘጋ እንጂ እንዳይከፈት። በሩ ራሱ መዘጋት፣ ራሱ መቀርቀር አለበት። ባለንብረቱ ደግሞ አጥሩን፣ በሩንና መቀርቀሪያውን ቢያንስ በየ31 ቀኑ መፈተሽ ግዴታው ነው። በየ31 ቀኑ! እኔ እኖርበት የነበረው ግቢ በር ላልቶ የቆየው ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። ሕጉ መኖሩን የሚያውቅ፣ አውቆም የሚጠይቅ ተከራይ ጠፍቶ ነው።

እኛ ደግሞ መጠየቅ አይሆንልንም። «ምን አግብቶኝ፣ ስሜ ይጠፋል፣ ኪራይ ይጨምሩብኛል፣ ውጣ ይሉኛል» እንላለን። አዲስ የመጣ ሰው ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም በዚያ አልፌያለሁ። ግን ይህን እወቁ፤ የቴክሳስ የንብረት ሕግ ክፍል 92.331 ጥገና የጠየቀን ወይም ለከተማው የቤቶች ተቆጣጣሪ በቅን ልቦና አቤት ያለን ተከራይ አከራዩ እንዳይበቀል ይከለክላል። ከጠየቃችሁበት ቀን ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ በዚህ የተነሳ ሊያስወጣችሁ፣ ኪራይ ሊጨምርባችሁ ወይም አገልግሎት ሊቀንስባችሁ አይችልም። ኪራያችሁን በወቅቱ ክፈሉ፣ የጠየቃችሁበትን ወረቀት ቅጂ ያዙ፤ ሕጉ ከጎናችሁ ነው።

እኔ በዚያ ሰኞ ጠዋት ሊዚንግ ኦፊስ ሄጄ በአፌ ተናገርኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ «እሺ፣ እንነግራቸዋለን» አለችኝ። ሳምንት አለፈ። በሩ እንደላላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በጽሑፍ አደረግኩት፤ ቀኑን፣ የበሩን ፎቶ፣ የሕጉን ምዕራፍ ቁጥር አስገባሁበት። ብቻዬን ግን አልፈረምኩም። በቡናው ላይ የነበሩት ጎረቤቶች ፈረሙ፣ ከላይ ያለው የሜክሲኮ ቤተሰብ ፈረመ፣ ማዶ ያሉት የኤርትራ እናት ፈረሙ። አሥራ አንድ ፊርማ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛ መጥቶ ሞላውን ቀየረ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

አሥራ አንድ ሰው ይህን ካደረገ፣ በዚህ ከተማ ያለን እኛ ሁላችን ብንነሳ የማንዘጋው በር የለም።

ስለዚህ ቀን እንቁረጥ። በአገራችን ግንቦት ልደታ ሲሆን ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ፣ ደጅ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ አብሮ ይውላል። ግንቦት 1 በፈረንጅ ሜይ 9 ነው። እዚህ አገር የአፓርታማ ገንዳዎች በብዛት የሚከፈቱት በሜሞሪያል ዴይ፣ በሜይ የመጨረሻ ሰኞ ሰሞን ነው። ልደታ ከሁለት ሳምንት በላይ ትቀድመዋለች። ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። በዚያን ቀን ሁላችንም ደጅ እንውጣና፣ ንፍሮው ከመቅረቡ በፊት የየግቢያችንን የገንዳ በር እንፈትሽ። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፕሮቴስታንት ወገኖቼ፣ ቀኑ የጎረቤት ቀን ነውና ከእኛ አትለዩ፤ በየመስጊዱና በየአዳራሹ ንገሩልን። ሥራ ላይ የሚውል ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወይም እሑድ ያድርገው።

ምን ይዘን እንውጣ? ሜትር፣ አንድ ትልቅ ብርቱካን፣ ስልክና እስክሪብቶ። በሜትሩ የአጥሩን ቁመት ለኩ። ብርቱካኑን በዘንጎቹ መካከል ሞክሩ፤ ተንሸራቶ ካለፈ ፎቶ አንሱ። በሩን ሦስት ጊዜ ፈትሹ፤ አንዴ በአንድ ክንድ ከፍታችሁ፣ አንዴ በአንድ ጣት ክፍተት፣ አንዴ እስከ መጨረሻው በርግዳችሁ። ብዙ ጊዜ ሰፊ ተከፍቶ የሚዘጋ በር በጣት ክፍተት ሲለቀቅ መቀርቀሪያውን ለማስገባት አቅም ያጣል፤ የሚያታልለን እሱ ነው። ከአጥሩ ሥር ወንበር፣ የአበባ ገንዳ፣ የሥጋ መጥበሻ ተጠግቶ እንደሆነ ከአጥሩ አርቁት፤ የአራት ዓመት ልጅ እሱ ላይ ቆሞ ይሻገራል። በሩን ድንጋይ ወይም ወንበር ደግፎ የሚያስቀምጥ ጎረምሳ ካያችሁ አትቆጡት፤ አስቀምጣችሁ ንገሩት። ልጅ እየወጣ እየገባ መክፈቻ ካርድ መሳብ ስለሚሰለቸው እንጂ ክፋት የለውም። ድንጋዩን ግን በገዛ እጁ እንዲያነሳ አድርጉ።

ጉድለት ያገኘ ሁሉ በዚያው ቀን ማመልከቻ ይጻፍ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ አትሸማቀቁ፤ ኮሌጅ የሚማሩት ልጆቻችን አሉ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶች አሉ። አንድ ወረቀት አዘጋጅተው ግቢውን፣ የበሩን ቦታና ቀኑን ብቻ የምትሞሉበት ያድርጉት። ከዳር እስከ ዳር ፊርማ አሰባስቡ፤ ሐበሻ ብቻ አይደለም፣ በግቢው ያለ ወላጅ ሁሉ ይፈርም። ማኔጅመንቱ ካልሰማ ዳላስ ውስጥ 311 ይደወላል፤ ከተማው ሰው ልኮ ያያል። ሌላ ከተማ ያላችሁ የከተማችሁን የሕንፃ ደንብ ተቆጣጣሪ ስልክ ከወዲሁ ፈልጋችሁ ያዙ። ይህም በበጋ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በቴክሳስ ገንዳው ክረምቱንም ውሃ እንደያዘ ይቆያል፤ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ቅጠል ይሸፍነዋል፣ ለሕፃን ዓይን መሬት ይመስላል። በሩ በጃንዋሪም መዘጋት አለበት።

አሁን ቤት ለገዛችሁት። እግዚአብሔር ይባርክላችሁ፤ ስንት ዓመት የሠራችሁበት ነው። ጓሮው ገንዳ ያለው ቤት ስትገዙ ደስ ይላል፤ የልጆች ልደት ይደረግበታል፣ እንግዳ ይስተናገድበታል። ግን የተናገርኩት ምዕራፍ 757 እናንተን አይመለከትም፤ የግል ቤት ገንዳ የሚተዳደረው በየከተማው ደንብ ነው። ስለዚህ በየ31 ቀኑ የሚፈትሽላችሁ ሰው የለም፤ ፈታሹም ባለቤቱም እናንተ ናችሁ።

የብዙ ቤት አጥር ደግሞ ሦስት ጎን ነው። አራተኛው ጎን የቤቱ ግድግዳ ነው። ያ ማለት ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ቀጥታ ውሃው ላይ ይከፈታል። በጥናቱ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት የት እንደነበር አስታውሱ፤ ቤት ውስጥ ነው። ገንዳውን ራሱን ለብቻው በአራት ጎን ከቤቱም ጭምር የሚለይ አጥር፣ ከሦስት ጎኑ የግቢ አጥር ጋር ሲነጻጸር ሕፃናት የመስጠማቸውን አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል። ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው ሌላ ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ የለም። ተነቃይ የመረብ አጥርም አለ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ይነሳል። ለምርቃት ድግስ የምታወጡትን ግማሽ ለዚህ አውሉት እላችኋለሁ፤ በድፍረት ነው የምለው።

«እኛ ቤት ትንሽ ልጅ የለም» የሚል ይኖራል። የአሪዞና ሕግ እንኳን እንዲህ ይላል፤ የገንዳ አጥሩ 5 ጫማ እንዲሆን ያዛል፣ ግን ከስድስት ዓመት በታች ልጅ የማይኖርበትን ቤት ነፃ ያደርጋል። እኔ ይህ የሕጉ ቀዳዳ ነው እላለሁ። በእኛ ባህል ሕፃን የማይረግጠው ቤት የትኛው ነው? ለገና፣ ለዒድ፣ ለክርስትና፣ ለሐዘን ስንት ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይመጣል? ከሦስቱ አደጋ አንዱ በዘመድና በወዳጅ ገንዳ የደረሰ መሆኑን ረሳችሁት? ካሊፎርኒያ የተሻለ አድርጋለች። ከ2018 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ወይም የሚታደስ የግል ገንዳ ከሰባት የመከላከያ ዓይነቶች ቢያንስ ሁለቱን እንዲያሟላ ታዛለች፤ ልጅ ኖረ አልኖረ አትልም። ቤቱ ሲሸጥም መርማሪው የትኛው መከላከያ እንዳለና እንደሌለ በሪፖርቱ ይጽፋል። ሜልበርን ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የሚኖሩበት የቪክቶሪያ ግዛት ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ የግል ገንዳ እንዲመዘገብና አጥሩ በየአራት ዓመቱ እንዲፈተሽ ያስገድዳል። ለእነሱ የተቻለ ለእኛ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ140 ቀናት ነው። እዚያ የምንልከው ጥያቄ አንድ ይሁን፤ ገንዳ ያለው ቤት ሲሸጥ ወይም ለእንግዳ በቀን ሲከራይ አጥሩና በሩ ይፈተሽ። ዜጋ የሆናችሁ፣ ድምፅ የምትሰጡ፣ ለወረዳችሁ ተወካይ ስልክ ደውሉ፣ ጻፉ።

«የእኛን ማን ይሰማል?» አትበሉ። በጁን 2002 ቨርጂኒያ ውስጥ ግሬም ቤከር የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ድግስ ላይ የሙቅ ውሃ ገንዳ ወለል ላይ ያለው የመምጠጫ ክዳን ይዟት ሰጠመች። ዋና ታውቅ ነበር፤ በዋና ቡድን ውስጥ ነበረች። እናቷ ናንሲ ቤከር እዚያው ነበረች፤ ውሃው ውስጥ ገብታ ብትጎትታት ልታስለቅቃት አልቻለችም። በመጨረሻ ሁለት ወንዶች ክዳኑ እስኪሰበር ድረስ ጎትተው አወጧት፤ አልተረፈችም። «እናትየው የት ነበረች?» ለሚሉ መልሱ ይህ ነው። ያቺ እናት ሐዘኗን ይዛ ኮንግረስ ፊት ቀረበች፤ አምስት ዓመት ተከታተለችው። የልጇን ስም የያዘው የፌዴራል ሕግ በዲሴምበር 2007 ተፈረመ። ዛሬ በአፓርታማችን ገንዳ ወለል ላይ ያለው ክዳን ሰው የማይዝ ዓይነት እንዲሆን የሚያስገድደው ያ ሕግ ነው። ልጆቻችሁ ሲዋኙ የተሰነጠቀ ወይም የወለቀ ክዳን ካያችሁ ሁሉንም ከውሃው አውጡ፤ እስኪጠገን ማንም አይግባበት።

ዋና መማርም አለ። አብዛኞቻችን ገንዳ የሚባል ነገር ያወቅነው በሶደሬ ጉዞ ወይም በግዮን ሆቴል ነው። ገንዳ ማለት ለብሰን፣ ስንቅ ይዘን፣ ቀን ቆርጠን የምንሄድበት ቦታ ነበር። እዚህ ግን ከመኝታ ክፍላችን ሃያ እርምጃ ላይ ሌት ተቀን ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ እኛ ደግሞ አሁንም ዋና አናውቅም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 እንዳሳወቀው ከጥቁር አዋቂዎች ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ዋና አይችሉም፤ ከሦስት ሁለቱ ያህል የዋና ትምህርት ወስደው አያውቁም። ልጁን ለማውጣት የሚገባ ወላጅ ራሱ ዋና ካልቻለ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ይወጣል። ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ እኛም እንማር። ከወንድ ጋር መግባት የማትፈልጉ እህቶች ሃያ ሆናችሁ ስትጠይቁ የከተማው የመዝናኛ ማዕከል የሴቶች ብቻ ሰዓት ለመስጠት ምክንያት ያገኛል፤ አንድ ሆናችሁ ስትጠይቁ አያገኝም። ትንፋሽ መስጠትን ጨምሮ የልብና የትንፋሽ እርዳታ ሥልጠና በየአብያተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አዳራሽ በዓመት አንዴ ይሰጥ። በመካከላችን ስንት ነርስ፣ ስንት የአምቡላንስ ባለሙያ አለ፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጡን።

ከአገር ቤት የመጡትን እናቶቻችንንም አንርሳ። ልጁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ዋና አያውቁም፣ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ስልኩ ከብዷቸዋል። ፍሪጁ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፉላቸው፤ 911፣ የቤቱ ቁጥር፣ የግቢው በር ኮድ። «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል አስለምዷቸው፤ አስተርጓሚ እንዲጠሩላቸው። ልጅ ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው ገንዳው ነው፤ አልጋ ሥር አይደለም፣ ቁም ሣጥን አይደለም። ይህን ለአያትም ለጎረቤትም ንገሩ። እኔ በዚያ እሑድ መኝታ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ነው ያየሁት። ያቺ ደቂቃ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። እኛ ሞት ሲሰማ በአንድ ሌሊት ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ስልክ ይደዋወላል፣ ድስት ይጣዳል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ይዋጣል። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ትእዛዝ። ይህ ጉልበት በእጃችን ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ከመጮህ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የገንዳ በርን አጀንዳ አስይዙ። አባል ያለበትን ግቢ ሁሉ ዘርዝሩ፣ ለእያንዳንዱ ግቢ አንድ ሰው መድቡ፣ በየወሩ መዋጮ ሲሰበሰብ «በሩ ይዘጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን መዝገቡ ላይ ጻፉት።

ግንቦት 1 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችሁም በየግቢያችሁ የገንዳ በር ፊት ቁሙ። ሜትር ያለው ሜትር ይያዝ፤ የሌለው ብርቱካን ይዞ ይምጣ።